ባዶው ቦታ የማን ነው?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ ስልኬ ጮኸ። የደወለ ሰው የለም፤ ክላስተሩ ነው፣ ዳታ የምናስቀምጥባቸው አብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ። «አንድ ሰርቨር አይመልስም» ይላል መልእክቱ። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው እንዲህ ያለ መልእክት ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው ማላከክ ነው። ኔትወርኩ ይሆናል። ኬብል ላልቶ ይሆናል። ማስጠንቀቂያው ራሱ ተሳስቶ ይሆናል። እኔም አላከክኩ። ፒንግ አደረግኩት፣ በኔትወርክ «አለህ?» እንደማለት፤ ዝም። ማሽኑ ተዘግቶም ቢሆን ሊመልስ በሚገባው በማኔጅመንት ፖርቱ በኩል ሞከርኩ፤ እሱም ዝም። ያኔ ከአልጋ ወረድኩ።

ስለዚያች ሌሊትና ስለ ማግስቱ ልጽፍ እያልኩ ብዙ ጊዜ ቆየሁ። ያዘገየኝ እፍረት ነው መሰለኝ። ታሪኩ ጀግንነት የለበትም። ዳታውን ያተረፉት እኔ ትርፍ ናቸው ብዬ ልጥላቸው ወይም ልጠቀምባቸው የነበሩ ነገሮች ናቸው። ከፊሎቹንማ አስቀድሜ ጥያቸው ነበር።

መጀመሪያ ቤቱን ላስተዋውቃችሁ። ስድስት ሰርቨሮች ናቸው። እያንዳንዳቸው 8 ቴራባይት የሚይዙ አራት አራት ዲስኮች አሏቸው። ሲደመር 24 ዲስክ፣ 192 ቴራባይት። ስድስቱንም አንድ ትልቅ ማከማቻ አስመስሎ የሚያሠራቸው ሴፍ የተባለው ሶፍትዌር ነው። ሴፍ ሳንታ ክሩዝ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከሴጅ ዋይል የዶክትሬት ሥራ የተወለደ ነው፤ ዋናው ጽሑፍ የወጣው በ2006 ነው። ስሙ የመጣው እነ ኦክቶፐስን ከሚያጠቃልለው የባሕር እንስሳት ወገን ነው። ኦክቶፐስ ክንዱ ቢቆረጥ መልሶ ያበቅላል። ስም አወጣጡ አሪፍ ነው፤ ግን ክንድ የሚበቅለው ከምንም እንዳልሆነ ያስረሳል። እዚህ ላይ እመለስበታለሁ።

እኛ ዳታውን የምናስቀምጠው በሦስት ኮፒ ነው። ሦስቱም በተለያየ ሰርቨር ላይ ይቀመጣሉ፤ አንድ ሰርቨር ሲሞት ሁለት ኮፒ እንዲተርፍ። ስለዚህ ከ192 ቴራባይቱ ሰው የሚጠቀምበት 64ቱን ነው። ሴፍ ዳታውን በ4 ሜጋባይት ይቆራርጠዋል። ቁራጮቹን ደግሞ በቅርጫት ይከታቸዋል እንበል። የኛ ክላስተር 1024 ቅርጫቶች አሉት። እያንዳንዱ ቅርጫት ሦስት ዲስኮች ላይ ይኖራል። የትኞቹ ሦስት? ይህ በአንድ መዝገብ ተጽፎ አልተቀመጠም። በቀመር ይሰላል። የሰርቨሮቹን ካርታ የያዘ ሁሉ ራሱ አስልቶ ይደርስበታል። ይህቺ ነገር በኋላ ጉድ ልታደርገን ነበር፤ ለጥቂት ነው የተረፍነው።

ወደ ሌሊቱ ልመለስ። ዲስኮቹን የሚያንቀሳቅሱት ፕሮግራሞች በየጥቂት ሴኮንዱ «አለህ?» «አለሁ» ይባባላሉ። ለ20 ሴኮንድ ያህል ያልመለሰ «ወድቋል» ይባላል። ወድቋል ማለት ግን ሞቷል ማለት አይደለም። ሴፍ ከዚያ በኋላ 10 ደቂቃ ይጠብቃል። በእነዚያ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ምንም ኮፒ አይሠራም። ሃዱፕ የሚባለው ሌላው ትልቅ ሲስተም ተመሳሳይ ልማድ አለው፤ እሱ 10 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ነው የሚጠብቀው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከሚወድቁት ማሽኖች ብዙዎቹ ሪስታርት ያደረጉ ወይም ኔትወርካቸው የተንገጫገጨ ናቸው። ተመልሰው ለሚመጡ ሁሉ ብዙ ቴራባይት ማጓጓዝ ሞኝነት ነው።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ማወቅና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስክሪን ፊት ቁጭ ማለት ግን አንድ አይደሉም። ዳሽቦርዱ ቢጫ ሆኗል። ቁጥሮቹ አይንቀሳቀሱም። እጄ ኪቦርድ ላይ ነው። «አሁኑኑ ጀምር» የሚለውን ትእዛዝ አውቀዋለሁ፤ ጽፌዋለሁም። ኢንተር ብቻ ነው የቀረው። ከዚያ ቆም አልኩና ሥራውን ያስተማሩኝን ሰው ደወልኩላቸው። ጡረታ ወጥተዋል፤ ግን ስልክ ያነሳሉ።

«ጋሼ፣ አንድ ሰርቨር ወድቆብኛል።»

«ስንት ደቂቃ ሆነው?»

«ስድስት።»

«ታዲያ አራት ደቂቃ አለሽ። ውኃ ጠጪ።»

ውኃ ጠጣሁ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ክላስተሩ ራሱ «ወጥቷል» ብሎ መዘገበውና ሥራውን ጀመረ።

ይህን ሥራ አይቶ የማያውቅ ሰው ካለ ማየት አለበት እላለሁ። ድሮ፣ ዲስኮች በአንድ ሳጥን ውስጥ ሲደራጁ፣ አንዱ ሲሞት አዲስ ይገባል፤ የሟቹ ዳታ በሙሉ እዚያ አንድ አዲስ ዲስክ ላይ ይጻፋል። ይህ ሬይድ የተባለው ዘዴ ነው፤ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ በ1988 በጻፉት ጽሑፍ ስም ያገኘ። ጥሩ ዘዴ ነው። ችግሩ አንድ ዲስክ የሚጽፍበት ፍጥነት ውስን መሆኑ ነው። በሴኮንድ 150 ሜጋባይት የሚጽፍ 8 ቴራባይት ዲስክ ለመሙላት 15 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ያውም ሌላ ምንም ሥራ ካልሠራ።

ክላስተር ውስጥ ግን የሟቹ ቅርጫቶች ሌሎች ኮፒዎች ቀድሞውኑ በሁሉም ዲስኮች ላይ ተበትነዋል። ስለዚህ ሁሉም ያነባል፣ ሁሉም ይጽፋል። ድር ቢያብር የሚለውን ተረት ለኮምፒውተር ክላስተር ያልጠቀሰ የለም፤ እኔ ይቅርብኝ። በ2003 የጎግል መሐንዲሶች ስለ ፋይል ሲስተማቸው ሲጽፉ አንድ የምወደውን ሙከራ አስገብተዋል። 600 ጊጋባይት የያዘ አንድ ሰርቨር ሆን ብለው ገደሉ። 15,000 ያህል ቁራጮች ነበሩበት። ሁሉም በ23.2 ደቂቃ ውስጥ መልሰው ተባዙ። ቀጥለው ሁለት ሰርቨሮችን አንድ ላይ ገደሉ። በዚህኛው 266 ቁራጮች አንድ አንድ ኮፒ ብቻ ቀራቸው። ሲስተሙ እነዚያን 266ቱን አስቀድሞ በ2 ደቂቃ ውስጥ ወደ ሁለት ኮፒ መለሳቸው። ሌላው ወረፋ ጠበቀ። ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ እንደሚሠራው ማለት ነው፤ ቀድሞ የመጣ ሳይሆን ወደ ሞት የቀረበ ነው ቀድሞ የሚታየው።

የኛ ያን ያህል ፈጣን አይደለም። ሆን ተብሎ ነው የሚዘገየው። ሰዎች በዚያው ሰዓት ክላስተሩን እየተጠቀሙበት ነው፤ ጥገናው ሁሉን ፍጥነት ቢወስድ የነሱ ሥራ ይቆማል። የሞተው ሰርቨር 25 ቴራባይት ያህል ይዞ ነበር። በሴኮንድ 300 ሜጋባይት ገደማ እየሄደ ነበር። ሂሳቡን ሠራሁት፤ አንድ ቀን ገደማ። ይሁን ብዬ ትንሽ ጋደም አልኩ።

ጠዋት ሰርቨር ክፍል ገባሁ። የሞተው ማሽን መብራቱ ሁሉ ጠፍቷል። ፓወር ሰፕላዩን ቀየርኩለት፤ ምንም። ማዘርቦርዱ ነው። አዲስ ማዘርቦርድ ለማግኘት ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። እዚህ ጋ ነው እንግዲህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ሊፈጸም የነበረው። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ ክላስተሩ ራሱን እየጠገነ ነው። ዳታው ሌላ ቦታ እየተባዛ ነው። እነዚህ አራት ዲስኮች እንግዲህ ምን ይሠራሉ? ልጥረጋቸውና ንጹሕ ሆነው እንደ አዲስ ይግቡ። ለጋሼ ይህንኑ በስልክ ነገርኳቸው። የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ድምፄም የሚኮራ ሰው ድምፅ ነበር።

ለአፍታ ዝም አሉ። «የሞተው ማሽኑ ነው። ዲስኮቹ ምን አደረጉሽ?»

«አያስፈልጉም ብዬ ነዋ።»

«ክላስተሩ አረንጓዴ ሆኗል?»

«አልሆነም።»

«እንግዲያው ያስፈልጋሉ።»

ዲስኮቹን አውጥቼ በየትኛው ቀዳዳ እንደነበሩ ቁጥር ለጥፌባቸው ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። እውነቱን ለመናገር ለሽማግሌ ክብር ብዬ ነው እንጂ አምኜበት አልነበረም።

ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ጥገናው ቆመ።

ሙሉ በሙሉ እንኳ አልቆመም፤ ግን ብዙ ቅርጫቶች ላይ «መቀበያው ዲስክ ሞልቷል» የሚል ጽሑፍ መታየት ጀመረ። ሴፍ ሦስት መስመሮች አሉት። ዲስክ 85 በመቶ ሲሞላ ያስጠነቅቃል። 90 በመቶ ላይ የጥገና ኮፒ አልቀበልም ይላል። 95 በመቶ ላይ ጭራሽ መጻፍ ይከለክላል። መስመሮቹ ያሉት ለክፋት አይደለም። ጢም ብሎ የሞላ ዲስክ የራሱን ሥራ መሥራት፣ አንዳንዴም መነሳት ሁሉ ያቅተዋል። ከመውደቁ በፊት በሩን መዝጋቱ ነው።

አሁን የሚያሳፍረኝን ሂሳብ ልንገራችሁ። ክላስተሩ አደጋው ሲደርስ 78 በመቶ ሞልቶ ነበር። 78 ለኔ ጥሩ ቁጥር ነበር። ከማስጠንቀቂያው መስመር በታች ነው፤ ዳሽቦርዱ አረንጓዴ ነው። በየሪፖርቱ «አሁንም 42 ቴራባይት ባዶ አለን» እያልኩ እጽፍ ነበር። ሦስቱም ኮፒ ተደምሮ የተጠቀምንበት 150 ቴራባይት ገደማ ነው። ሰርቨሩ ሲሞት ከሱ ጋር 32 ቴራባይት ቦታ ሄደ። የቀሩት አምስቱ በድምሩ የሚይዙት 160 ነው። 150ን 160 ውስጥ ክተቱ። ወደ 94 በመቶ ይጠጋል። በሌላ አነጋገር፣ ይህ ጥገና ገና ሲጀመር የማያልቅ ጥገና ነበር። ይህን ለማወቅ ካልኩሌተር እንኳ አያስፈልግም። እኔ ግን አንድም ቀን ሠርቼው አላውቅም።

ያ ባዶ ቦታ የኛ አልነበረም። የዚያ የሚሞተው ሰርቨር ነበር። ማንኛው እንደሚሞት ስለማናውቅ ብቻ ነው ስም ያልተለጠፈበት። እኔ ደግሞ ለጠየቀኝ ሁሉ ስሸነሽነው ኖርኩ። ኦክቶፐሱ ክንድ ለማብቀል ሥጋ ይፈልጋል፤ ሥጋውን አከፋፍዬው ነበር።

አማካይ የሚባለው ነገርም አሳሳች ነው። 78 በመቶ ሲባል ሁሉም ዲስክ 78 ላይ ነው ማለት አይደለም። ቀመሩ ቅርጫቶቹን በግምት እኩል ያከፋፍላል እንጂ ልክ እኩል አያደርግም። አንዱ 73 ላይ ሲሆን ሌላው 84 ላይ ነበር። መንገዱን የዘጋው ያ 84ቱ ነው። ከ25ቱ ቴራባይት 10 ያህሉ ብቻ ተባዝቶ ሳለ እሱ 90 ደረሰ። የክላስተር ልክ በጣም የሞላው ዲስኩ ልክ ነው።

የማያስፈልግ ነገር ፍለጋ ጀመርኩ። የድሮ የሙከራ ዳታ፣ የተረሱ ስናፕሾቶች፣ ማለትም ዳታው በአንድ ወቅት የነበረበትን ሁኔታ የያዙ ቅጂዎች። ትንሽ ትንሽ እያገኘሁ አጠፋሁ። ጥገናው እያነከሰ ቀጠለ። በዚህ መሐል፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛው ዲስክ ወደቀ። በሌላ ሰርቨር ላይ ያለ፣ ጤነኛ የነበረ ዲስክ።

ነበረ እላለሁ እንጂ ጤነኛ መሆኑን በምን አውቄ? ሴፍ በየቀኑ ቀለል ያለ ፍተሻ ያደርጋል። በየሳምንቱ ደግሞ እያንዳንዱን ኮፒ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ያስተያያል። ያ ሳምንታዊ ፍተሻ ዲስኮቹን ያጨናንቃል፤ ሰዎች «ዛሬ ዘገየ» እያሉ ይደውላሉ። ስለዚህ ከሁለት ወር በፊት አጥፍቼው ነበር። ለጊዜው ብዬ። ለጊዜው የተባለ ነገር እንዴት እንደሚሰነብት ታውቃላችሁ። በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ያ ዲስክ የሆነ ቦታው ላይ መበላሸት ጀምሮ ኖሯል። ማንም ስላላነበበው ማንም አላወቀም። ጥገናው ግን ያልተነበበውን ሁሉ ያነባል። አንዱ ጋ ሲደርስ ማንበብ አቃተው፣ ደገመ፣ ሠለሰ፣ ወደቀ።

«ሁለት በአንድ ቀን እንዴት ሊሆን ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ብዙ አስነብቦኛል። አምራቾች ዲስክ በአማካይ 1,000,000 ሰዓት ይሠራል ብለው ይጽፋሉ። 114 ዓመት ማለት ነው። ይህ ቁጥር እውነት ቢሆን በዓመት ከመቶ ዲስክ አንድ እንኳ አይሞላም የሚሞተው፤ 0.88 በመቶ ነው። በ2007 ቢያንካ ሽሮደርና ጋርዝ ጊብሰን 100,000 ያህል ዲስኮችን መዝገብ አገላብጠው ነበር። በየዓመቱ የሚቀየረው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 13 በመቶ ሆኖ አገኙት። ጊብሰን ያው በ1988 ስለ ሬይድ ከጻፉት ሦስቱ አንዱ ነው፤ ከ19 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ቁጥሩን የፈተሸው መሆኑ ደስ ይለኛል። ለኔ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። የዲስክ ሞት እንደ ሳንቲም ውርወራ አይደለም፤ አንዱ ሲመጣ ሌላውም የመከተል ዕድሉ ከፍ ይላል። የኛዎቹ 24 ዲስኮች አንድ ቀን ተገዝተው፣ አንድ ቀን ገብተው፣ አንድ ዓይነት ሙቀት ውስጥ የኖሩ ናቸው። እኩዮች ናቸው። እኩዮች አብረው ያረጃሉ።

ሁለተኛው ዲስክ ሲወድቅ 19 ቅርጫቶች አንድ አንድ ኮፒ ብቻ ቀራቸው። ሁለቱን ኮፒ ሁለቱ አደጋዎች ወሰዷቸው። 19 ከ1024 ትንሽ ይመስላል። 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ግን አስታውሱ፤ ዳታው በ4 ሜጋባይት ተቆራርጦ በሁሉም ቅርጫት ተበትኗል። አንድ መካከለኛ የሆነ ፋይል ወይም የአንድ ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) ዲስክ ከእነዚያ 19ኙ ውስጥ ቢያንስ አንዱን መንካቱ አይቀርም። ስለዚህ 2 በመቶው ሲቆም መቶ በመቶው ሰው ስልክ ይደውላል።

አዎ፣ ቆሙ። ከሦስት ኮፒ ሁለቱ ከሌሉ ሴፍ በዚያ ቅርጫት ላይ አያስነብብም፣ አያስጽፍም። ይህ የምንወስነው ቁጥር ነው። ሁለት የነበረውን አንድ ብላችሁ ብትቀይሩት ሁሉም ነገር ወዲያው ይነሳል። አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ስልኩ አላቋርጥ ሲል፣ አለቆች በሩ ላይ ሲቆሙ፣ ያቺ አንድ መስመር በጣም ታምራለች። ጋሼን እንደገና ደወልኩላቸው። ሐሳቤን ገና ሳልጨርስ፣

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ኮፒ ብቻ ባለበት ሰዎች መጻፍ ቢጀምሩ፣ አዲሱ ጽሑፍ ያለው እዚያ አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ይሆናል። ያ ዲስክ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቢወድቅ፣ ከተጻፈው አልፎ ክላስተሩ የትኛው ኮፒ ትክክለኛ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ ይጠፋል። የድሮዎቹ ኮፒዎች ተመልሰው ቢመጡ እንኳ አሮጌ ናቸው። የቆመ ሲስተም ያናድዳል፤ ግን አይዋሽም። ቆሞ ይቆይ አልኩ። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ከባድ ቃላት አንዱ ነው። አለቃዬ ፊቱን አጥቁሮ ሄደ።

ከዚያ ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ወደተደረደሩት አራት ዲስኮች ሄደ።

ጥግ ላይ ለሙከራ የምንጠቀምበት አንድ አሮጌ ሰርቨር ነበር። ዲስኮቹን እንደ ቁጥራቸው ሰካኋቸው። ማሽኑ ሲነሳ አራቱንም አያቸው። የሴፍ ዲስክ ማንነቱን በራሱ ላይ ጽፎ ነው የሚይዘው፤ ቁጥሩንም፣ የየትኛው ክላስተር እንደሆነም። ማሽኑ ቢቀየር እሱ ግድ የለውም። ግን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ያ ቀመር። የቅርጫቶቹ ቦታ የሚሰላው ከካርታው ነው፤ ካርታው ላይ ደግሞ የሰርቨሩ ስም አለ። በሌላ ስም ቢገቡ ቀመሩ ሌላ መልስ ያወጣና ክላስተሩ በዚህ ሁሉ ጭንቅ ላይ ግማሽ ቤቱን ማጓጓዝ ይጀምራል። ለአሮጌው ማሽን የሟቹን ስም ሰጠሁት። ከዚያ አስነሳሁት።

የሆነው ነገር ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። አራቱ ዲስኮች «አለን» አሉ። ቅርጫቶቹ ከነባሮቹ ኮፒዎች ጋር ተያዩ፤ አንተ እስከ የት ታውቃለህ፣ እኔ እስከዚህ፣ የቀረህ ይህን ያህል ነው። ሴፍ በየቅርጫቱ የቅርብ ለውጦችን ዝርዝር ይይዛል። ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወዲህ የተለወጠው ብቻ ነው የተኮረጀው። 25 ቴራባይት አይደለም። የአንድ ቀን ሥራ ልዩነት ብቻ ነው። 19ኙ ቅርጫቶች አንድ በአንድ ተነሱ። ስልኩ ዝም አለ። ያን ጠዋት ዲስኮቹን ጠርጌያቸው ቢሆን ኖሮ፣ እነዚያ 19 ቅርጫቶች፣ አንድ ቴራባይት የሚጠጋ የሰው ሥራ፣ በአንድ ያረጀ ዲስክ ላይ ተንጠልጥሎ ያድር ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኔ የምለቅመው እንኳ አይኖረኝም ነበር።

እስከ ዛሬ ከራሴ ጋር የምከራከርበት አንድ ነገር አለ። ዲስኮቹን በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ሌላ ማሽን ማዛወር እንደሚቻል ሌሊቱን ባስብ ኖሮ ክላስተሩን «ገና አትጀምር፣ ጠብቅ» ማለት እችል ነበር። እንዲህ የሚል ትእዛዝ አለ። ያ ሁሉ ጥገና፣ ያ ሁሉ መሙላት ባልመጣ ነበር፤ ምናልባት ሁለተኛው ዲስክም በዚያ ቀን ባልወደቀ። በሌላ በኩል ያ ዲስክ መቼም መውደቁ አይቀርም፤ ሳይባዛ በተቀመጠ ዳታ ላይ ቢወድቅ ደግሞ አንድ ኮፒ ብቻ የሚቀራቸው ቅርጫቶች ከ19 በላይ ይሆኑ ነበር። አንዳንድ ቀን እንዲህ፣ አንዳንድ ቀን እንዲያ አስባለሁ። ጋሼ «ማሽኑ ምን እንደሆነ ሳታውቂ አትከልክይው» ነው የሚሉት።

ከዚያ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። መቼም ይጠራል። አንድ ሰው «ሦስት ኮፒ ብክነት ነው» አለ። ልክ ነው፣ ቦታ ይበላል። ሌላ መንገድ አለ። ኢርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰሎሞን በ1960 ባወጡት ሂሳብ ላይ የቆመ ነው። ዳታውን ለምሳሌ 10 ቦታ ከፍለህ 4 ማካካሻ ትጨምርበታለህ። ከ14ቱ የትኞቹም 4 ቢጠፉ ቀሪው ይመለሳል። ሦስት እጥፍ የነበረው 1.4 እጥፍ ይሆናል። ተአምር ይመስላል። ዋጋው የሚከፈለው በጥገና ጊዜ ነው፤ የጠፋችውን አንዷን ለመመለስ 10 ቁራጮችን ከ10 ቦታ ማንበብ ያስፈልጋል። ለኛ ስድስት ሰርቨሮች የቀረበው ሐሳብ 4 ሲደመር 2 ነበር። ቁራጮቹ ስድስት፣ ሰርቨሮቹም ስድስት። ልክ ይገጥማል! አንድ ሰርቨር ሲሞት ስድስተኛዋን ቁራጭ የት እንደምናስቀምጣት ስጠይቅ ግን መልስ አልነበረም። ሰባተኛ ሰርቨር የለማ። ሐሳቡ እዚያው ቀረ።

በዚያው ሳምንት ሌላም መጣ። አንድ የሥራ ባልደረባ ከሁለት ሳምንት በፊት በስህተት ያጠፋውን ፎልደር እንድመልስለት ጠየቀኝ። «ሦስት ኮፒ አለን ስትዪ ሰምቼ» አለ። ሦስት ኮፒ ነበረው። ሲያጠፋው ሦስቱም ጠፉ፤ ያውም በቅጽበት፣ በታማኝነት። ኮፒ ማሽን ሲሞት ነው የሚያድነው፤ እጅ ሲሳሳት አይደለም። ለእጅ ስህተት ሌላ ቦታ የተቀመጠ ባክአፕ ነው ያለው። የሱ ፎልደር ደግሞ ባክአፕ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ይህ የራሱ ረጅም ታሪክ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

እኔ ያደረግኩት ጥቂት ነው። ሳምንታዊውን ፍተሻ መልሼ አበራሁት፤ ሌሊት ሌሊት ብቻ እንዲሠራ አድርጌ። በመጀመሪያው ዙር ሌላ አንድ ዲስክ ላይ ሁለቱ ኮፒዎች ሲስማሙ ሦስተኛው የተለየ ሆኖ የተገኘ ቁራጭ ወጣ። ዲስኩ ተቀየረ። አሮጌው የሙከራ ሰርቨር አሁንም የሟቹን ስም ይዞ ይሠራል፤ ጥግ ላይ የነበረውን ቦታ ሌላ ባዶ ማሽን ተክቶታል። የመሙላት መስመሩንም አወረድኩት። አንድ ሰርቨር ሞቶ አምስቱ ከ85 በመቶ በታች እንዲቆዩ ስድስቱ አብረው ሳሉ ከ70 ማለፍ የለባቸውም። ሰባ ላይ ማስጠንቀቂያ አሠራሁ። የሚደውለው ለኔ ብቻ ሳይሆን ለአለቃዬም ነው።

አሁን በየወሩ አንድ ሰው ይመጣል። የሚመጣው ሰው ይለያያል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ዳሽቦርዱን አይቶ «58 ቴራባይት ባዶ አለ አይደል? እኔ የምፈልገው 10 ብቻ ነው» ይላል።

«የለም» እለዋለሁ።

«ይኸው እያየሁት!»

«እሱ የተያዘ ነው።»

«በማን?»

እጄን ሰርቨሮቹ ወደተደረደሩበት ራክ እዘረጋለሁ። ስድስቱም መብራታቸው አረንጓዴ ሆኖ ይንሾካሾካሉ።

«ከነዚህ በአንዱ» እለዋለሁ።